የኩባያዎቹ ተራ

የሴትየዋ ቀኝ እጅ በትንኞቹ የመረብ ሳጥን የጨርቅ እጅጌ በኩል እስከ ክርኗ ገብቶ የብርጭቆ ቱቦ ይዟል። በቱቦው ላይ የተቀጠለው ቀጭን ጎማ ወጥቶ ከንፈሮቿ መሃል ገብቷል። ትንኟ መረቡ ላይ አርፋለች። የቱቦው አፍ ቀስ ብሎ ይጠጋታል፤ ሴትየዋ ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች፤ ትንኟ እግሯ ሳይሰበር፣ ክንፏ ሳይታጠፍ ቱቦው ውስጥ ትገኛለች። ጎማውና ቱቦው የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ስስ ወንፊት ስላለ አፍ ድረስ የሚመጣ ነገር የለም። አምስት ስትይዝ እጇን ታወጣና በወረቀቱ ኩባያ ክዳን ቀዳዳ እፍ ብላ ታስገባቸዋለች፤ ቀዳዳውን በጥጥ ትወትፋለች። አንድ ኩባያ ሞላ። ሃያ መሙላት አለባት።

ከሩቅ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች «እስቲ እኔ ልሞክር» እያሉ ቱቦውን ይቀበሏታል። ወይ አጥብቀው ስበው ትንኟን ከወንፊቱ ጋር ያጣብቋታል፣ ወይ ፈራ ተባ ሲሉ ታመልጣቸዋለች። እሷ አንድ ቀን እንኳ ስቃባቸው አታውቅም። «ትኩስ ሻይ እንደምትቀምሱ አድርጋችሁ» ትላለች በቀስታ፤ ከዚያ በላይ አትናገርም።

ክፍሉ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ሕንፃ በስተጀርባ፣ ምድር ቤት ነው። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል፣ ይረጥባል፤ መነጽር ያደረገ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጉም ነው። በአንዱ ግድግዳ በኩል ነጫጭ ሳህኖች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሳህን ውሃ ውስጥ እጮች ይርመሰመሳሉ። ጠዋት ጠዋት የተፈጨ የዓሣ ምግብ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ትነሰንስላቸዋለች። እጮቹ አድገው ጎበጥ ያሉ፣ መብላት የተዉ፣ ክንፍ ማውጣት ብቻ የቀራቸው ሙሽሬዎች ሲሆኑ ደግሞ አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ሳጥኖቹ ታዛውራቸዋለች። ይህንን ለሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የሕንፃው ሰው «ቢምቢት» ይላታል። ፊት ለፊት «እማማ» የሚሏት ተማሪዎች እንኳ ዘወር ሲሉ ቢምቢት ነው የሚሏት። ታውቃለች፤ አትቀየምም።

ያደገችው ሞቃት ቆላ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ወባ እንደ እንግዳ አይታይም፤ በየዓመቱ ቀኑን ቆጥሮ የሚመጣ ዘመድ ነበር። ታላቅ እህቷን በልጅነቷ አራት ጊዜ ጥሏታል። በአራተኛው ጊዜ ከሞት ተረፈች፤ ነገር ግን ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ ብዛት ማንም ሳይለይላት ጆሮዋ ደነቆረ። ዛሬ ሁለቱም ባል የላቸውም፤ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። እህትየው የማትሰማውን በጩኸት ታካክሳለች፤ የምትፈልገውን ግን በሹክሹክታም ቢሆን ትሰማለች።

ቢምቢት ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ዩኒቨርሲቲው ሲቀጥራት የኮሪደር ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ያኔ የትንኝ ቤቱን የሚጠብቁት አንድ አስም ያለባቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ሳል ሲያጣድፋቸው «እስቲ ነይ፣ ይህን ያዢልኝ» ብለው ቱቦውን ሰጧት። ከዚያ ሲያዩአት ቆዩና «እጅሽ አይቸኩልም» አሏት። በሕይወቷ ከሰማቻቸው ምስጋናዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሞቃት ይኸኛው ነው።

ሥርዓት ትወዳለች። ኩባያዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ትደረድራለች፤ በክዳናቸው ላይ ከአንድ እስከ ሃያ በራሷ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ቁጥር ትጽፋለች። ከአንድ ትጀምራለች፣ ሃያ ላይ ትጨርሳለች። ከዚያ ሙከራ ወደሚደረግበት ክፍል በግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ታሳልፋቸዋለች። በማግስቱ በየኩባያው ስንት ትንኝ እንደሞተ በሰማያዊ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ደብተሩን ጻፊ ያላት ሰው የለም። ደስ ስለሚላት ነው።

በዚያ ዓመት ሙከራውን የሚያካሂደው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚሮጥ፣ የሸሚዙ አንድ ቁልፍ ሁልጊዜ የሚሳሳት ወጣት ነበር። ለዶክትሬት ስለሚማር ሁሉም «ዕጩው» ይለዋል። የሕንፃው ዘበኛ ደግሞ በየጠዋቱ «ቢምቢት፣ ያንቺ ቤት እጮች እንደምን አደሩ? ያ ረጅሙስ?» ይላታል። እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

ዕጩው የሚሞክረው አዲስ ዓይነት የመኝታ አጎበር ነው። መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ትንኟ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ከነካችው በማግስቱ መሞት አለባት። ከሃያዎቹ ኩባያዎች የአሥራ ስድስቱ ትንኞች መድኃኒት የነካውን አጎበር ይነካሉ፤ የአራቱ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለውን ተራ አጎበር። የነዚህ አራቱ ነገር ለማነጻጸሪያ ነው፤ እነሱም ከሞቱ ገዳዩ አጎበሩ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ይሞከራል፣ ረቡዕ ይቆጠራል። ለስምንት ወር ያህል መድኃኒቱን ከነኩት ሰማንያ ትንኞች ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ ሲሞቱ ነበር። ከማነጻጸሪያዎቹ ሃያ አንዷ ብትሞት ነው። ውጤቱ ሲጸድቅ አጎበሩ ለቆላ ቤቶች ሊታደል ወረፋ እየጠበቀ ነበር።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ዕጩው አረፈደ። መድኃኒት የነካው አጎበር ቁርጥራጭ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ የማቀዝቀዣው ቁልፍ ደግሞ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ቢምቢት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አይሆንላትም። ተራው አጎበር መሳቢያ ውስጥ ስለነበር «የማነጻጸሪያዎቹን አስቀድሜ ልጨርስ» ብላ የመጀመሪያዎቹን አራት ኩባያዎች ለነሱ ሞላች፤ ዕጩው እያለከለከ ሲደርስ የቀሩትን አሥራ ስድስት ለመድኃኒቱ ሞላችለት።

በማግስቱ ሲቆጥሩ ዕጩው ፊቱ ቅጭም አለ። መድኃኒቱን ከነኩት ሰማንያ ውስጥ አሥራ ሰባቱ በሕይወት አሉ፤ ክዳኑ ሥር ይዞራሉ። ምንም መድኃኒት ካልነካቸው ሃያ ማነጻጸሪያዎች ደግሞ አምስቱ ሞተዋል።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለ። ከዚያ ትከሻው ወረደ፤ እፎይ ብሎም ነበር። «ቀኑ ተበላሽቷል፣ እማማ። ማነጻጸሪያው ከአምስት አንድ በላይ ከሞተ ቀኑ አይያዝም፤ ደንቡ ነው። ሙቀቱ ወጥቶ ይሆናል።»

«ሙቀቱስ አልወጣም፣ ልጄ» አለች።

«እንግዲያው ሌላ ነገር ነው። ይጣል።» እስክሪብቶውን አንስቶ የራሱ መዝገብ ገጽ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዝ አሰመረበት።

እሷ በደብተሯ ላይ አልሰረዘችም።

ከሰዓት በኋላ ሳህኖቹን ታጥባለች። አንድ ነገር እጇ ያውቀዋል፤ ራሷ ገና አልደረሰበትም። ሳህኑን አስቀመጠችና ከንፈሯን ነካች። ማለዳ የመጀመሪያዎቹን ትንኞች ስትይዝ ትንፋሿን እንኳ በቅጡ አትስብም፤ ከመረቡ ግርጌ ተቀምጠው ይጠብቋታል። የመጨረሻዎቹን ግን ታሳድዳለች፤ ክንዷ እስኪዝል፣ ጉንጯ እስኪያማት። መጀመሪያ የሚያዙት እነማን ናቸው? ፈዛዛዎቹ፣ ደካሞቹ፣ ክንፋቸው በቅጡ ያልጠነከረ። መጨረሻ የሚያዙት ደግሞ ነቄዎቹ፣ እጅ የማይሰጡት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደብተሩን አወጣች። ከስምንት ወር በፊት ከነበረው ገጽ ጀመረች። በየሳምንቱ ከመድኃኒቱ የተረፉ አንዲት ወይም ሁለት ትንኞች አሉ። የተረፉት የት የት ነው? አሥራ አምስተኛው ኩባያ። አሥራ ስድስተኛው። እንደገና አሥራ ስድስተኛው። አሥራ አራተኛው። በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ኩባያ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ የተረፈች ትንኝ የለችም። ቁጥሩን ራሷ ጽፋዋለች፤ ስምንት ወር ሙሉ ከዓይኗ ሥር ነበር።

ለመድኃኒቱ የሚሰጡት ደካሞቹ፣ ለማነጻጸሪያው ጠንካሮቹ እንዲሆኑ ያደረገችው እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም። ከግራ ወደ ቀኝ ደስ ስለሚላት ብቻ፣ ብዙዎቹን አሥራ ስድስት አስቀድማ፣ ትንሾቹን አራት ለማሳረጊያ ትታ። ኩባያዎቹ ተራ ነበራቸው፤ ተራው ደግሞ አጎበሩን ከሆነው በላይ ጀግና አድርጎታል።

ማታ እራት ላይ ለእህቷ ነገረቻት። አንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ መናገር ነበረባት።

«እና አሁን ምን ልትሆኚ ነው?» አለች እህትየው፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ።

«እነግረዋለሁ።»

«ማን ጠየቀሽ? ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብለሽ፣ ስብሰባ ላይ የጥግ ወንበር እየፈለግሽ፣ አሁን በስተርጅና አፍ አወጣሽ?»

«አጥፍቻለሁ፣ እታለም።»

«ጎበዝ! አጠፋሁ ብለሽ ትሄጂያለሽ፣ እነሱም አጠፋሽ ብለው መጥረጊያውን ይመልሱልሻል። ኮሪደሩም ናፍቆሻል መሰለኝ።»

«ቢመልሱልኝም እጠርጋለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«እጠርጋለሁ አልኩ!»

እህትየው ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደማይሰማ ሰው ሳይሆን እንደሚሰማ ሰው፣ «ያ አጎበር የሚሰቀለው እኛ ያደግንበት ዓይነት ቤት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ቢምቢት አንገቷን ነቅንቃ አዎ አለች። ከዚያ በኋላ ስለ መጥረጊያው የተነሳ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ጊዜያቸው ስላለፈ የሚወገዱ ትንኞች ያሉበት አንድ ሳጥን ነበር። ዝም ብላ ከመናገር በዓይኗ ማየት ፈለገች። እንደ ልማዷ ከአንድ እስከ ሃያ ሞላች። መድኃኒት የሚባል ነገር አላስነካቻቸውም። የሁልጊዜውን የስኳር ውሃ ጥጥ ብቻ ነፈገቻቸውና መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ተርበው ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ለማየት ነው። ዓርብ ጠዋት አንድ በአንድ ቆጠረች። በመጀመሪያዎቹ አምስት ኩባያዎች ካሉት ሃያ አምስት ትንኞች አሥራ አራቱ ሞተዋል። በመጨረሻዎቹ አምስት ኩባያዎች ካሉት ሃያ አምስት ሁለት ብቻ። እንደገና ቆጠረች። ያው ነው።

ዕጩው የመመረቂያ ጽሑፉን ሰኞ ሊያስገባ ነበር። ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ አገኘችው። ሃያዎቹን ኩባያዎች በትሪ ተሸክማ ገብታ አጠገቡ አስቀመጠች፤ ሰማያዊውን ደብተርም ከጎኑ ዘርግታ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው። መጀመሪያ ፈገግ እያለ ይሰማት ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ፈገግታው ጠፋ፤ መጨረሻ ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው።

«እማማ፣ እርስዎ ስኳር ስለከለከሏቸው ነው የሞቱት። ሌላ ነገር ነው ይሄ።»

«ሁሉንም ነው የከለከልኳቸው። ለምን እነዚህ ብቻ ሞቱ?»

«ዕድል ይሆናል።»

«ደብተሩን እይልኝ። ስምንት ወር ሙሉ ዕድል አሥራ ስድስተኛ ኩባያ ውስጥ ትገባለች?»

ዕጩው ደብተሩን አየ። ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገለጠ። ጆሮው ቀላ። «ሰኞ እኮ ነው የማስገባው» አለ። «ገባዎት? ስምንት ወር! እናቴ ለምርቃቴ ዘመድ ጠርታ ጨርሳለች!»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

«የተበላሸው ቀን ደግሞ ተጥሏል። በደንቡ መሠረት ነው የተጣለው። እኔ ያጭበረበርኩት ነገር የለም!»

«አንተማ ምን አድርገሃል? እኔ ነኝ የሰጠሁህ። አንተ በመስኮት የመጣልህን ነው የተቀበልከው። ቁጥር የጻፍኩትም፣ ተራ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«አላወቅሁማ። ረቡዕ ነው ያወቅሁት። ዓርብ ነገርኩህ።»

በመስኮቷ በኩል የትንኝ ቤቱ የእርጥበት ማሽን ድምፅ ይሰማል። እሷ በቆመችበት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጥፋ፣ ዓይኗን ከጫማው ላይ ሳታነሳ እንዲህ አለች፦ «ከሰዓት ወደ ፕሮፌሰሩ እሄዳለሁ። ብቻዬን መሄድ እችላለሁ። ግን ካንተ ጋር ብሄድ ይሻለኛል፤ ከባድ ቃል ሲሆን አልችለውም፤ አንተ ታግዘኛለህ።»

ዕጩው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን የፕሮፌሰሩ በር አጠገብ ቆሞ፣ ኩባያዎቹን በትሪ ይዞ አገኘችው። የሸሚዙ ቁልፍ ዛሬም ተሳስቷል። «ቀጥ በል» ብላ አስተካከለችለትና አንኳኳች።

የዕጩው አማካሪ የሆኑት ፕሮፌሰሩ በዕድሜ ከሷ የሚበልጡ፣ ነገር ቶሎ የማይገልጡ ሰው ናቸው። ሁለቱንም አስቀምጠው ሰሙ። ከዚያ ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡ፤ ቅርብ የሚያዩት ያለ መነጽር ነው። ንባቡ ረዘመ። ቢምቢት የወንበሩን ጠርዝ ብቻ ይዛ ተቀምጣለች፤ ለመነሳት የተዘጋጀች ትመስላለች።

«የኩባያዎቹን ተራ ማን ነው የወሰነው?» አሉ በመጨረሻ።

ዕጩው አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው። «እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማንም አላዘዘኝም። ሲደረደር ደስ ይለኛል።»

ፕሮፌሰሩ የሆነ ድምፅ አወጡ፤ ሳቅ ይሁን ሳል ሳይለይ። «እኔስ ስምንት ወር ሙሉ እንዴት እንደሚደረደሩ አለመጠየቄ?» አሉ። «ከኔ ጥፋት ጋር ሲተያይ የርስዎ ትንሽ ነው፤ ግን ትንሽ ነው ብዬ አላልፈውም። ይደገማል። ሁሉም።» ወደ ዕጩው ዞሩ። «በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ስድስት ሙከራ። በሳምንት ሁለቴ መሆኑ ነው።» እንደገና ወደሷ ዞሩ። «በሳምንት ሁለት መቶ እንስት ትንኞች፣ ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሆነ። አሁን የሚያወጡት መቶ ነው። ይደርሳል?»

ግማሾቹ ወንድ ሆነው እንደሚወጡ ታውቃለች፤ ወንዶቹ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ሌሎች የሚሞቱ አሉ፣ የማይፈለፈሉ አሉ። በሐሳቧ ሳህኖቹን ቆጠረች፤ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ቦታ ለካች። ስብሰባ ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው ሴት ቀና ብላ «ይደርሳል» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«መደርደሪያ ይጨመርልኝ እንጂ ይደርሳል።»

መደርደሪያው ሳይመጣ ሳምንት አለፈ። አልጠበቀችም። ከመጋዘን ሁለት የተጣሉ ጠረጴዛዎች ዘበኛው ተሸክሞላት መጣ፤ «ቢምቢት፣ ፋብሪካ ልትከፍቺ ነው?» እያለ። ሳህኑን በእጥፍ አበዛች። እጮች ሲጣበቡ ይቀጭጫሉ፤ ስለዚህ በየሳህኑ ሁለት መቶ እየቆጠረች አከፋፈለቻቸው። ቅዳሜም መጣች፣ እሁድም መጣች፤ እጭ የዕረፍት ቀን አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ማሞቂያው ተበላሸና ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ እጮቹ ማደግ አቆሙ። ከሻይ ቤት ሁለት ትልልቅ ማንቆርቆሪያ ተዋሰች፤ ፎጣ በፈላ ውሃ እየነከረች በየመደርደሪያው አንጠለጠለች፤ ጠጋኙ እስኪመጣ ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ዋለች። እጇ ተላላጠ። በዚያ ሳምንት የወጡት እንስቶች ሁለት መቶ ሦስት ነበሩ። ሦስቱ ትርፍ መሆናቸው ኩራት ቢጤ አሳደረባት።

ከሁሉም የከበዳት ሌላ ነበር። ኩባያ በተራ መደርደር ቀረ። እሷ ሃያውን ትሞላለች፤ ከዚያ ዕጩው ጀርባውን ሰጥቶ ቁጥር የተጻፈባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ከባዶ የዓሣ ምግብ ጣሳ ውስጥ ያወጣል፤ ዕጣ የወጣባቸው አራቱ ለማነጻጸሪያ ይሄዳሉ። ሰባተኛ፣ አሥራ ዘጠነኛ፣ ሁለተኛ፣ አሥራ አንደኛ። ኩባያዎቹ እንደ ተበተነ ጥርስ ሲሆኑ ዓይኗን ይወጋታል።

«እማማ፣ አሁንም እጅዎ ሊያስተካክላቸው እየሄደ ነው» ይላታል ዕጩው።

«አልነካሁም!»

«እያየሁዎት።»

«ትንሿን ጠጋ ላድርጋት ብዬ ነው።»

«አይጠጉ!»

ቁጣ የሌለበት ጭቅጭቅ ነበር። ያ መጀመሪያ የቀላው ጆሮው በሁለተኛው ወር ወደ መልኩ ተመልሷል። ጥጥ መወተፍ ለምዷል፤ ቱቦውንም አንዳንዴ ይሞክራል። አሁንም አጥብቆ ይስባል።

የመጨረሻው ቆጠራ በሚውልበት ረቡዕ ጠዋት እህቷ በር ላይ ያዘቻት። «ጫማዬን እንዳትረሺ!» ብላ ጮኸች። ያለቻት አንድ ጫማ ሶሏ ተነቅሎ ጫማ ሰፊው ጋ ከገባች አራተኛ ቀኗ ነው። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለአንድ ሳምንት ወደ ልጁ ይሄዳል አሉ። ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ በነጠላ ጫማ አልሄድም።»

«አመጣልሻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አመጣለሁ አልኩ!»

«ሰምቼሻለሁ፤ ደግመሽ እንድትዪው ነው» አለች እህትየው።

ቆጠራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። እሷ ኩባያውን ብርሃን ላይ ታነሳለች፣ ቁጥሩን ትጠራለች፤ እሱ ይጽፋል። ኋላ ቦታ ተለዋወጡና እሱ ጠራ፣ እሷ ጻፈች፤ ሁለቱ እንዲመሳከሩ። ከዚያ ዕጩው የአሥራ ስድስቱንም ቀን ደመረ። አጎበሩ ለማለፍ ከመቶ ትንኝ ሰማንያውን መግደል አለበት። የወጣው ሰባ ሰባት ነው።

ዕጩው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ጣሪያውን አየ። «ሦስት» አለ። «ሦስት ጎደለው።»

ቢምቢት እጇን ትከሻው ላይ ልታሳርፍ አነሳች፤ ዓይን አፋርነቷ ያዛትና የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈችው።

«ልጄ፣ ይህ ዲግሪህን ያስቀርብሃል?»

«አያስቀርም። ፕሮፌሰሩ ትናንት ነግረውኛል፤ ምን ወጣ ሳይሆን እንዴት ወጣ ነው የሚታየው አሉኝ። አጎበሩ ግን በዚህ መጠን አይታደልም። መድኃኒቱ ከፍ ተደርጎ እንደገና ይሞከራል።» ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ዛሬውኑ ልጻፈው። ነገ ካልኩ ልቤ ይከዳኛል። ደብተሩን ያነቡልኛል? ከመጀመሪያው፣ ከስሕተቱ ጀምሮ።»

ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ከሩብ ነው። ጫማ ሰፊው ያለው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወዲያ ነው፤ አሁን ከተነሳች ትደርሳለች። ልጁ ጣቶቹን የኮምፒውተሩ ፊደላት ላይ አድርጎ ይጠብቃታል።

ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች።

«ኩባያዎቹ በተራ ይሞሉ እንደነበር ጻፍ» አለች። «ማን እንደወሰነውም ጻፍ።»

«‹ከአሠራር ጉድለት የተነሳ› ብዬ ልለፈው?»

«አይሆንም። ጉድለቱ ራሱን አልሠራም። ‹የትንኝ ቤቱ ጠባቂ በራሷ ልማድ› ብለህ ጻፍ። ይህን የሚያነበው ሰው እኔ እንደሠራሁት አይሥራ።»

ዕጩው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጻፈ። እሷ አነበበች፣ እሱ ጻፈ፤ አንደኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው ሳምንት፣ ያ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰረዘው ማክሰኞ። እዚያ ሲደርሱ የሰረዘውን ገጽ አውጥቶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መለሳቸው። መሃል ላይ ተነስታ አዲሶቹ እጮች ዘንድ ገባች፤ ለሚመጣው ሙከራ ከወዲሁ የጀመረቻቸው ናቸው፤ ምግባቸውን ነስንሳ ተመለሰችና ካቆመችበት ቀጠለች።

ስትወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ነው ጫማው እንደገና ትዝ ያላት። እርምጃዋን አፍጥና ተሻገረች። የጫማ ሰፊው ሱቅ የቆርቆሮ መዝጊያ ወርዷል፣ ቁልፉ ተንጠልጥሏል። በመዝጊያው ስንጥቅ አጮልቃ አየች። ከመደርደሪያው ታች፣ ሁለት የወንድ ቦት ጫማዎች መሃል፣ የእህቷ ጥቁር ጫማ አዲስ ሶል ተሰፍቶላት፣ ተወልውላ ተቀምጣለች።